ውኃ ተከራይ ቤት ሲገባ ይከብዳል እንዴ?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳታዩት አልቀራችሁም። ፎቶው በቴሌግራም ሲዞር ነው የሰነበተው። የነዋሪዎች ኮሚቴው ተከራዮች ቤታቸው ውስጥ አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ እንዳያስቀምጡ ከልክሏል። ያላቸውም እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያነሱ አዟል። ምክንያት ብሎ የደረደረው ሦስት ነው፦ የውኃው ክብደት ሕንፃውን ይጎዳል፣ ውኃ በጠፋበት ሰዓት ብክነት ነው፣ ትንኝ ይራባል። ማኅተም ሁሉ አርፎበታል። ስለ ቤት ባለቤቶች ግን አንድ ቃል የለም። የተከለከለው ተከራይ ነው፣ ተከራይ ብቻ።

ይኼ ሳያንስ፣ በስብሰባው ላይ አንድ የኮሚቴ አባል የዓሣ ቦታው ጣና ነው፣ ማየት ያማረው ጎርጎራ ወርዶ ይይ፣ ያለውንም ወስዶ እዚያው ይልቀቅ አሉ ተብሏል። ተሰብሳቢውም ሳቀ አሉ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ሰው ሳሎን ውስጥ ያለው ዓሣ የጣና ዓሣ አይደለም። ጎልድፊሹ የዘር ሐረጉ ቻይና ነው፣ ጋፒው ደቡብ አሜሪካ። ጣና ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። እዚያ ውስጥ ነው እንግዲህ ከሱቅ የተገዛ መጤ ዓሣ ልቀቁ የሚባለው። እምቦጭን ረሱት እንዴ? እምቦጭም እኮ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ዓለምን ያዳረሰውም በዋናነት አበባው ያምራል ተብሎ ከአገር አገር ሲወሰድ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ታየ፣ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ገበሬና ተማሪ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ ነቀለው። መስታወት ውስጥ ያለ ዓሣ የትም አይሄድም። ጣና የሚገባው እንደ እሳቸው የሚያስብ ሰው በፌስታል ይዞት ሲወርድ ነው። ይኼን የተናገሩት ሰው ስለ ሕንፃ ጉዳት ሊያስተምሩን ነው እንግዲህ።

እሺ፣ ወደ ክብደቱ እንምጣ። ምክንያት በምክንያት እንነጋገር ከተባለ የሚያነጋግረው እሱ ነው።

መካከለኛ የሚባል አኳሪየም 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። አፉ ድረስ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል፣ ግን ማንም አፉ ድረስ አይሞላውም፣ ጠጠሩም ቦታ ይወስዳል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። መስታወቱን፣ ጠጠሩንና ውኃውን ደምሩት፣ 150 ኪሎ ቢሆን ነው። አሁን በዚያው ሕንፃ ማንኛውንም በር አንኳኩና ግቡ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ወይ ኮሪደሩ ላይ፣ ወይ በረንዳው ጥግ አንድ ሰማያዊ በርሜል አለ። 200 ሊትር። ሁለት ያለው አለ፣ ሦስት ያለውም አለ፣ በዙሪያው የተደረደረው ጀሪካን ሳይቆጠር። የበርሜሉ መቀመጫ ደግሞ ከዚያ አኳሪየም መቀመጫ እምብዛም አይሰፋም፤ ሁለቱም ከካሬ ሜትር ሲሶ በታች ነው የሚይዙት። ማለትም በዚያችው ስፋት ላይ በርሜሉ ከአኳሪየሙ በ50 ኪሎ የሚበልጥ ጭነት ያሳርፋል። ታዲያ ሕንፃው የበርሜሉን 200 ኪሎ ችሎ የዓሣውን 150 የማይችለው በምን ስሌት ነው? ወይስ ዓሣው ሲዋኝ ይከብዳል?

የመኖሪያ ቤት ወለል በዲዛይን ሲታሰብ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲችል ነው። 12 ካሬ ክፍል ካላችሁ በጠቅላላው ወደ 2,400 ኪሎ መሆኑ ነው። ጭነቱ አንድ ቦታ ሲከማች ሌላ ጉዳይ ነው፣ ልክ ነው፣ ለዚያ ነው ዓሣ አሳዳጊ ሁሉ መቆሚያውን ወለሉ መሐል ሳይሆን ግድግዳ አስጠግቶ የሚያደርገው። በርሜሉንስ ማን አስጠግቶ ያውቃል? ቦታ በተገኘበት ነው የሚተከለው። ደግሞ ማኅበር ሲወጣ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ ሠርግ መልስ ሲኖር እዚያች ሳሎን ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚታጨቀው? 20 ሰው በትንሹ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ነው። ያውም ቁጭ ብሎ ከሆነ ነው፣ ከበሮው ከተመታ እስክስታው አለ፣ ዝላዩ አለ። ቤት አይፈርስም፣ ማንም ማስታወቂያ አይለጥፍም። ሶፋው፣ ብፌው፣ ፍሪጁ፣ ኩንታል ጤፉ ሁሉ እዚያው ነው። የሚያስፈራው ግን የእኔ ጋፒ ሆነ። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ክልከላው ባለቤቶችን አለማካተቱ ነው። ባለቤቱ ሳሎኑ ውስጥ 300 ሊትር ቢያቆም ካርታውን አይቶ ውኃው ይቀልለታል ማለት ነው። ክብደት በኪሎ እንጂ በይዞታ ማረጋገጫ እንደማይለካ ለኮሚቴው የሚነግረው አንድ መሐንዲስ ጠፋ?

ብክነት የተባለውም ያው ነው። ውኃ እንደሌለን አውቃለሁ፣ እኔም በፈረቃ ነው የምቀዳው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የመገጭ ግድብ ስንት ዓመት እየተጠበቀ፣ የከተማው ጥማት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ግን አንድ አኳሪየም አንዴ ከተሞላ ተሞላ ነው። በሳምንት የሚቀየርለት አንድ አምስተኛው ነው፣ አንድ ጀሪካን። ሽንት ቤት ሁለት ሦስቴ ሲለቀቅ የሚሄደውን ማለት ነው። ያቺም ጀሪካን አትደፋም፤ የዓሣው ኩስ ያለበት ውኃ ለአትክልት ማዳበሪያ ነውና በረንዳ ላይ ያለው ጤና አዳምና በሶብላ ይጠጣታል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ በጎማ መኪና ሲታጠብ፣ ጎማው መሬት ላይ ተጥሎ ሲንዠቀዠቅ፣ ያ ብክነት አይደለም። መኪና ያለው ተከራይ ስለማይበዛ ይሆን?

ውኃ ማክበርን በተመለከተ፣ ዓሣ እንደሚያሳድግ ሰው ውኃ የሚቆጥብ አላየሁም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፣ በቀጥታ ከጨመርክበት ዓሣው ይሞታል። ስለዚህ ቀድተህ፣ ክሎሪኑ እንዲተን አንድ ሁለት ቀን በክፍት ዕቃ ታሳድረዋለህ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፊልተሩ ይቆማል፣ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ታያለህ። ያኔ ጣሳ ይዘህ ከራሱ ከገንዳው እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ ታፈሰዋለህ፣ አየር እንዲገባበት። እኩለ ሌሊት በሻማ እንዲህ ሲያደርግ ያመሸን ሰው ነው እንግዲህ ውኃ አባካኝ ያሉት።

ትንኝ ላይ ብዙ አልልም። የትንኝ እጭ ለዓሣ ምግብ ነው። ጋፒን በብዙ አገር ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚለቁት ሆን ብለው፣ እጩን እንዲበላላቸው ነው። እጭ ማየት የሚፈልግ ክዳን የሌለውን በርሜል ገልበጥ አድርጎ ይይ። ዓሣ የለበትማ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ውኃው ወደ ታች ጎረቤት ይወርዳል። ይኼ ስጋት እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምር፣ ከዚህ ሊትር አይበልጥም፣ ጉዳት ከደረሰ ተከራይ ይከፍላል በል፣ አለቀ። እኔ አሁኑኑ እፈርማለሁ። የሮቶው ቧንቧ ፈንድቶ ደረጃው ሁሉ ሲጥለቀለቅስ? ለዚያ መቼ ማስታወቂያ ተለጠፈ?

ነገሩ ወለልም ውኃም አይደለም። ተከራይ ይተኛ እንጂ አይኑር ነው። ሚስማር አትምታ፣ ቀለም አትቀይር፣ እንግዳ አታሳድር፣ አሁን ደግሞ ዓሣ አታሳድግ። የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውሉ ቢያንስ የ2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር አይለፍ ያለው ሰው ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ እንዳይኖር ነው። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። እዚህ አገር የትኛው የኪራይ ውል ነው ይኼን ያህል የቆየው?

እኛ ብሎክ ውስጥ ታች የሚኖሩ እማማ አሉ። መጀመሪያ ቀን አኳሪየሙን አይተው «ልጄ፣ ይኼ መቼ ነው የሚደርሰው?» አሉኝ፣ ለምግብ መስሏቸው። የሚበላ አይደለም ስላቸው በጣም አዘኑብኝ። አሁን ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ብለው ሳያዩት አይወጡም፣ የጎረቤት ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመጡ እዚያው ፊቱ ተኮልኩለው ነው። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ጠልፎ የሚሞላ ከተማ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ ያለ መቶ ሊትር ውኃ ነውር ሆነ።

ኮሚቴው ማስታወቂያውን ማንሳት ካልፈለገ እንኳ ያስተካክለው። «ተከራይ» የሚለውን ይሰርዝና «ማንኛውም ነዋሪ» ይበል። «አኳሪየም» የሚለውን ይሰርዝና «ውኃ» ይበል፣ ከስንት ሊትር በላይ እንደሚከለከልም ቁርጥ አድርጎ ይጻፍ። ከዚያ ሜትሩን ይያዝና በየቤቱ ይግባ፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ ጀሪካን ሳይለይ ይለካ። ከሰብሳቢው ቤት ይጀምር።