ኒውካስል የሳቀበት፣ ጅማ የተቆጣበት

ዳኒ ቦይል ያዘጋጀውና አሌክስ ጋርላንድ የጻፈው «28 ዓመታት በኋላ» የተሰኘው የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም በሰኔ 2017 ዓ.ም. ለእይታ ከበቃ ጀምሮ ተመልካቹን ለሁለት እንደከፈለ ነው። ሐያሲዎቹ በአብዛኛው አመሰገኑት፤ ቲኬት ቆርጦ የገባው ሕዝብ የሰጠው ነጥብ ግን ከእነሱ በግልጽ ያነሰ ነበር። እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በምኖርበት በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል ከተማ ሲሆን፣ እንደገና ያየሁት ደግሞ ዘንድሮ ለገና አገር ቤት በገባሁ ጊዜ፣ ጅማ ኮቺ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ነው። በሁለቱም ቦታ ክርክር ተነሥቷል። ሆኖም ሰው የተከራከረባቸው ትዕይንቶች አንድ አልነበሩም፤ እንዲያውም እዚያ የተናቀው እዚህ ተወደደ፣ እዚያ የተለቀሰበት እዚህ አስቆጣ። ፊልሙን ያላየና መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ አንባቢ ካለ ከዚህ በታች ያለውን ቢያቆየው ይሻለዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ላይ ከቤተ ሙከራ ያመለጠ፣ በደምና በምራቅ የሚተላለፍ፣ የያዘውን ሰው በሴኮንዶች ውስጥ አውሬ የሚያደርግ ቫይረስ እንግሊዝን ባዶ ያስቀራታል። በአዲሱ ፊልም ብሪታኒያ ከዓለም ተነጥላ፣ የአውሮፓ የጦር መርከቦች ማንም እንዳይወጣባት ዙሪያዋን እየጠበቁ፣ ጥቂት የተረፉ ሰዎች በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ይኖራሉ። ደሴቲቱን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ የሚገለጥ ነው። ስፓይክ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ፣ ሕመሟ ያልታወቀላትን እናቱን ይዞ፣ ከአባቱ ተደብቆ፣ በየብሱ ላይ ብቻውን ይኖራል የሚባል ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል። ራልፍ ፋይንስ የሚጫወተው ይህ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች አጥንት እያጸዳ፣ የራስ ቅላቸውን እየደረደረ ለመታሰቢያቸው ማማ ሠርቷል። እናትየውን መርምሮ ነቀርሳ እንዳለባት ይነግራታል፤ በፈቃዷም ያለ ሥቃይ እንድትሞት ያደርጋታል። ልጁ የእናቱን የራስ ቅል ወስዶ ማማው አናት ላይ ያስቀምጠዋል።

ኒውካስል ላይ የመጀመሪያው ክርክር ስለ በሽታው አልነበረም፤ ስለ አካባቢው ነበር። በማዕበል የሚሸፈነው መንገድ እውነተኛ ነው። ሆሊ አይላንድ ወይም ሊንዲስፋርን ከምትባለው ደሴት ጋር የሚያገናኝ ሲሆን፣ የማዕበሉን ሰዓት ሳያዩ የሚነዱ ጎብኚዎች መኪናቸውን ውኃ ላይ አስቀርተው በነፍስ አድን ሠራተኞች ሲወጡ በየጊዜው በዜና ይሰማል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሰፈሩን ፊልም ላይ እንዳየ ሰው ነበር የሆነው። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ ፊልሙ ላይ አባትና ልጁ ከአሳዳጃቸው ሲሮጡ አልፈራላቸውም፤ በዚያ ማዕበል በዚያ ሰዓት ያ መንገድ እንዴት እንደሚታይ ለጎረቤቱ እያስረዳ ነበር። ሮማውያን በጥንት ጊዜ በሠሩት በሃድሪያን ግንብ አጠገብ የነበረውና በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ክፉ ሰዎች በሌሊት የቆረጡት ዝነኛ ዛፍ ፊልሙ ላይ ቆሞ ሲታይ ግን አዳራሹ በሙሉ ተነፈሰ። ለሞተው ሕዝብ ያልተተነፈሰ ለዛፍ ተተነፈሰለት ብዬ በሆዴ ታዘብኩ፤ ፍርዴ ትንሽ ጨከን ያለ ሳይሆን አይቀርም።

የእናትየው ሞት ላይ ግን ሰው ዝም አለ፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ሳምንት የእንግሊዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማይድን በሽታ ያለባቸው አዋቂዎች በሐኪም እገዛ ሕይወታቸውን እንዲጨርሱ የሚፈቅደውን ረቂቅ በ314 ድጋፍና በ291 ተቃውሞ አሳልፎ ነበር። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲያወዛግብ የሰነበተ ጉዳይ ስለነበር፣ ከአዳራሹ ስንወጣ ሰው ስለ ፊልሙ ሳይሆን በሕመም ስለተለዩት እናቱና አያቱ ነበር የሚያወራው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ልጁን ከተበከሉት ሰዎች የሚያስጥሉት፣ ባለ ቢጫ ዊግና ባለ ስፖርት ቱታ፣ ሁሉም ጂሚ ነን የሚሉ ወሮበሎች ብቅ ሲሉ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተናደደ። አለባበሳቸው በ2011 እ.ኤ.አ. የሞተውንና ከሞተ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ሲደፍር እንደኖረ የተጋለጠውን የቴሌቪዥን ሰው ጂሚ ሳቪልን የሚያስታውስ ስለሆነ ነው። የተናደዱት ይህን የመሰለ ቁስል እንዲህ በድንገት፣ በቀልድ መልክ ማምጣት ነውር ነው አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ ይህ ምን የሚሉት መጨረሻ ነው ብለው የቲኬታቸውን ገንዘብ አሰቡ።

ወደ ጅማ ልምጣ። አክስቴ ቤት የታየው በፍላሽ የተጫነ ትርጉም ፊልም ነው። አገር ቤት የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው በትርጉም ፊልም ላይ አንድ ተራኪ የወንዱንም የሴቱንም የሕፃኑንም ንግግር ብቻውን ይወጣዋል፤ በመሐል በመሐሉም የራሱን አስተያየት ጣል ያደርጋል። ይህ መጀመሪያ ላይ አበሳጨኝ። የዚህ ፊልም ዋናው ማስፈራሪያ ዝምታው ነው፤ ነፋሱና የሣሩ ድምፅ ብቻ የሚሰማባቸውን ረጃጅም ደቂቃዎች ተራኪያችን «እንግዲህ አሁን ጉዱ ሊፈላ ነው» እያለ ሞላቸው። የተበከሉት ሲመጡ ማንም አልደነገጠም። ነገር ግን ተራኪው ስለ ገጸ ባሕርያቱ ይፈርዳል፤ አባትየውን «ይሄ ቅሌታም» ይለዋል። ተመልካቹም አብሮት ይፈርዳል፤ ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ነበር የተቀመጠው።

አባትና ልጅ በዚያ መንገድ ላይ በሌሊት ሲሮጡ፣ የተበከሉት አለቃ የሆነው ግዙፍ ሰውዬ ሊደርስባቸው ሲል መብራት ጠፋ። የአክስቴ ልጆች ጮኹ። ጫታቸውን ይዘው ጥግ ላይ የተቀመጡት ጎረቤታችን ሐጂ ግን «ተዉት፣ ይመጣል» ብለው ነገሩን በጨለማ ውስጥ ቀጠሉት። በሽታውን ከእብድ ውሻ ጋር አመሳሰሉት፤ በልጅነታቸው የተነከሰ ሰው ውኃ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን አይተዋልና። የአክስቴን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖር ነርስ አብራን ነበረች። የእብድ ውሻ በሽታ በሴኮንዶች ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ እንደሚወጣ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት እንደሚቻል፣ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር ግን እንደሚያድን በእርጋታ አስረዳች። እንግሊዝ ውስጥ ይህ በሽታ ከውሾች ከጠፋ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህ ምክንያት አብሮኝ ኒውካስል ያየው ሰው የሰው አውሬ መሆንን በፊልም ብቻ ያውቀዋል። ጅማ ላይ ግን ማታ መንገድ ላይ ውሻ ሲበዛ ዱላ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው የሚያየው፤ በዚያ ላይ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ማርበርግ የተባለው ገዳይ ቫይረስ ጂንካ ላይ መከሰቱ ተረጋግጦ ስለ ደም ንክኪ ሲወራ የከረመ ሰው ነው።

መብራት ሲመጣ አባትየው ተፈረደበት። ኒውካስል ላይ ስለ እርሱ ብዙ ያወራ አልሰማሁም፤ እዚህ ግን ሚስቱ ታማ ተኝታ እያለች ከሌላ ሴት ጋር መገኘቱና የልጁን ጀብዱ እያጋነነ በድግስ ላይ መዋሸቱ ከግዙፉ አውሬ የበለጠ አስደነገጠ። አክስቴ «በሽተኛ አልጋ ላይ ትቶ!» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችም። የአውሮፓ መርከቦች እንግሊዛውያኑን አላስወጣ ሲሉ ደግሞ ከልጆቹ መካከል ለትምህርት ያመለከተው ቪዛ የተከለከለው አንዱ ከሳቁ የተነሣ መቀመጥ አቃተው። «ይቅመሱዋታ!» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ፓስፖርቴ ሻንጣዬ ውስጥ ስለነበር ግን እንደ እርሱ ከልቤ አልነበረም።

ትልቁ ጠብ የራስ ቅሉ ማማ ላይ ተነሣ። ሐጂ የሰው ልጅ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት አፈር መልበስ አለበት፤ አጥንትን ፀሐይ ላይ መደርደር በሽታው ከሠራው ይከፋል አሉ። አክስቴም በክርስቲያን ወገን ሆና፣ ሳይገነዙና ሳይፈቱ የምን መታሰቢያ ነው ስትል አገዘቻቸው። ኒውካስል ያለቀሰበት የእናትየው ሞት ሲደርስ ሐኪሙ ነፍሰ ገዳይ ተባለ። ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እናንተ አገር ሰው ብቻውን ነው የሚሞተው። እኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣም አንዱ ሌላውን አይጥልም» አሉኝ።

እኔ ዝም አልኩ፤ በኮሮና ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ስንቱ ወላጁን በስልክ ስክሪን ብቻ እንደተሰናበተ ስለማውቅ ልከራከራቸው አልፈለግሁም። የመለሰችላቸው ነርሷ ናት። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» ብላ ጀመረች፤ «መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ሲባል ከውጭ የገባውን ሁሉ ሸሽተን በር የዘጋነው እኛው ነን። እኔ እንኳ ከሥራ ስመለስ አከራዮቼ ውኃ እንዳልቀዳ አድርገውኝ ነበር። ሬሳ ስናስረክብ ቤተሰብ ከሩቅ ቆሞ ነበር የሚያየው። ይሄ ሰውዬ ሌላው ሁሉ ሲሸሽ የሞቱትን አንድ በአንድ በእጁ አንሥቷቸዋል።» ነገሩ እርግጥ ነው፤ በዚያው መጋቢት ማብቂያ ላይ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ የዕድሩ ድንኳን ሳይተከል የተቀበረ ብዙ ነው። አክስቴ ትንሽ አሰበችና፣ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ጊዜ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ጅብ እንደበላው አያቷ ይነግሯት እንደነበር አነሣች። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በዚያ ምክንያት መሆኑን ልጆቹ አያውቁም ነበር።

እኔ የነርሷ ወገን ነኝ። የጅማ ተመልካች ፊልሙን ከኒውካስሉ ይልቅ በቁም ነገር ወስዶታል፤ ማን ማንን ጣለ፣ ማን ማንን ቀበረ ብሎ ጠይቋል፤ እዚያ ማዶ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አልገጠመኝም። ጥያቄው ግን ወደ ራሱ ሲዞር ቶሎ «እኛማ» ውስጥ ይደበቃል። ሐጂም እንዳልተዋጠላቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ «ያኔ ሕግ ነው የከለከለን» አሉ፤ ነርሷም «በሩን የዘጋውስ ሕግ ነው?» ብላ መለሰች።

ጂሚዎቹ ሲመጡ ክርክሩ ተቋረጠ። ልጆቹ ጂሚ ሳቪል የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ሰምተው አያውቁም፤ ያዩት እንደ ህንድ ፊልም ጀግና እየተገለባበጡ አውሬ የሚጥሉ ባለ ቢጫ ፀጉር ጎረምሶችን ነው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ተራኪውም ከእነሱ ብሶ ጮኸ። ሳቪል ማን እንደሆነ ስነግራቸው ለአፍታ ጸጥ ብለው ትዕይንቱን ከመጀመሪያው መልሰው ከፈቱት። ኒያ ዳኮስታ ያዘጋጀችው ተከታዩ ክፍል በጃንዋሪ 2026 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ መታየት ጀምሯል። ከኒውካስል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ በእነዚያ ወሮበሎች ተቀይመው አናየውም ብለዋል፤ የአክስቴ ልጆች ግን ለእነሱ ሲሉ ብቻ ትርጉሙ ወጥቶ እንደሆነ ፍላሽ ጫኙን ሱቅ ዕለት ዕለት እየጠየቁ ነው።