መኪና ውስጥ የቀረ ውሻ፦ ከአውሮራ እስከ ኮምቦልቻ

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ፣ ዴንቨርን ተጎራብታ በምትገኘው አውሮራ ነው። ሐበሻ የበዛባት ከተማ ነች። እዚያ በጋው ሲገባ ብዙ ሰው አንድ ልማድ ያወጣል። ሱፐርማርኬት ደጅ መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ጎኑ የቆመውን መኪና በመስኮት ገልመጥ ያደርጋል። ውሻ ተቆልፎበት እንዳይሆን ነው። እኔም ይህን ልማድ ወስጃለሁ። አገሬ ስገባም አብሮኝ መጥቷል።

ኮሎራዶ በአውሮፓውያኑ 2017 ለዚህ ጉዳይ ሕግ አውጥታለች። በተቆለፈ መኪና ውስጥ ውሻ ወይም ድመት ሕይወቱ አደጋ ላይ መሆኑን ያየ መንገደኛ መስታወት ሰብሮ ሊያወጣው ይችላል። ለሰበረው መስታወት አይጠየቅም። ግን ዝም ብሎ ድንጋይ ማንሳት የለም። መጀመሪያ በሩ መቆለፉን ያረጋግጣል። ባለቤቱን ለማግኘት ይሞክራል። ፖሊስ ወይም እሳት አደጋ ይጠራል። ውሻውን ካወጣ በኋላም የጠራቸው ሰዎች እስኪደርሱ አብሮት ይቆያል።

ይህ ሁሉ እያለም እዚያ አገር በየበጋው ውሾች መኪና ውስጥ ይሞታሉ። የሚገድሏቸው ደግሞ ጨካኞች አይደሉም። ውሻቸውን እንደ ልጅ የሚያዩ፣ ቤት ብቻውን መተው አላስችል ብሏቸው ይዘውት የወጡ ሰዎች ናቸው። “አንድ ነገር ገዝቼ ልውጣ” ይላሉ። ካሸር ጋ ሰልፍ ይገጥማቸዋል። ስልክ ይደወላል። ሙቀቱ ግን አይጠብቅም።

ስንት ደቂቃ ይበቃል? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው ለክተውታል፤ ውጤቱን ያወጡት በአውሮፓውያኑ 2005 ነው። የተነሱት መኪና ውስጥ ስለሚረሱ ሕፃናት አስበው ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ሙቀት በአማካይ በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨመረ። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው የጨመረው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። መስኮቱን ጥቂት ከፈት ማድረግ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን የመኪናው ውስጥ 47 ደርሷል።

22 ዲግሪ ማለት እኮ ደሴ ነው! ደስ የሚል የደሴ ቀን፣ ፒያሳ ላይ በረንዳ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣበት ቀን።

አገር ቤት ያለው አደጋ እዚህ ላይ ነው። “ደሴ ብርድ ነው” እያልን አድገናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን መኪናውን የሚያግለው አየሩ አይደለም። የፀሐይ ጨረር በመስታወት ይገባል፤ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ያሞቃል፤ የሞቀው ዕቃ ውስጥ ያለውን አየር ያሞቃል። ያ አየር መውጫ የለውም። ከደሴ በላይ ባለው ቶሳ ተራራ ላይ ነፋስ ቢነፍስ ለተቆለፈ መኪና ምኑም አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ዴንቨር 1,600 ገደማ። ከፍታ ላይ አየሩ ይቀዘቅዛል እንጂ ፀሐዩ አይበርድም። እንዲያውም ይፋጃል። በሚያዝያ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል። ሲነሳ የለበሰውን ጃኬት ታች ሲደርስ ያወልቀዋል። ውሻ ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም። እንደ እኛም በመላ ሰውነቱ አያልበውም። ላቡ ከመዳፉ ሥር የምትወጣ ጥቂት ነገር ነች። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን ዘርግቶ በማለክለክ ነው። የታፈነና የጋለ አየር ውስጥ ማለክለክ ደግሞ ብዙም አይረዳውም። ጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ 38 ወይም 39 ዲግሪ ነው። 41ን ሲያልፍ አንጎሉ፣ ኩላሊቱ፣ አንጀቱ መጎዳት ይጀምራል።

ባለፈው ግንቦት ኮምቦልቻ አንድ ማደያ አጠገብ ያየሁትን ልንገራችሁ። የነዳጅ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሾፌሮች መኪናቸውን ሰልፍ ላይ ትተው ጥላ ሥር ቡና ይጠጣሉ። ከመኪኖቹ በአንዱ ውስጥ ጀርመን ሸፐርድ አለ። ባለቤቱ የተወው መኪናውን እንዲጠብቅለት ነው። በአውሮራና በኮምቦልቻ መካከል ያየሁት አንዱ ልዩነት ይህ ነው። እዚያ ውሻው የሚቀረው ለሽርሽር መጥቶ ነው፤ እዚህ ለሥራ። ሙቀቱ ላይ ግን ልዩነት የለም። ውሻው ለሀጩ እየተዝረበረበ በኃይል ያለከልካል። የድዱ ቀለም ደም መስሏል።

“የማን መኪና ነው?” ብዬ ጮኽኩ። ቡና የምታፈላው ልጅ ወዲያው በእጇ አሳየችኝ። ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

“ወንድሜ፣ ውሻህ ደህና አይደለም፤ ቶሎ አውጣው” አልኩት።

“አብሽር! መስኮቱን ከፈት አድርጌለታለሁ። ደግሞ የደሴ ውሻ ነው፣ ጠንካራ ነው” አለኝ።

ብርድ የለመደ ውሻ ቆላ ሲወርድ ይበልጥ ይቸገራል። ሰውነቱ ሙቀት ለመልመድ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ብቻ መጥቶ ከፈተለት። ውሻው ወረደ፤ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ተንገዳገደ። ለሀጩ መሬት ይነካል።

“አብዷል! አብዷል!” አሉ አካባቢው ላይ የነበሩ ልጆች። ድንጋይ አነሱ።

ከምንም በላይ እንዲታወቅ የምፈልገው ይህችን ነው። በሙቀት የተመታ ውሻ ያበደ ይመስላል። ይንገዳገዳል፣ ለሀጭ ያዝረበርባል፣ ሰው አይለይም። አገራችን ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ልጆቹን መውቀስ አልችልም። ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ደህና የነበረ፣ ከጋለ መኪና አሁን የወረደ ውሻ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ባለቤቱ ማስከተቡን ጠየቅኩት፤ አስከትቦታል። ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ቢሆን ኖሮ እጅ ወደ አፉ ማስጠጋት የለም፤ ውኃውን ከራቅ ብሎ ማፍሰስ ነው።

ልጆቹን ያስቆሟቸው ከዙህር ሶላት የሚመለሱ አንድ አባት ናቸው። “ጣሉት ድንጋዩን!” አሉ። ከዚያም ብዙ ወሎዬ ከልጅነቱ የሚሰማውን ታሪክ አስታወሷቸው። አንድ መንገደኛ በጣም ጠማውና ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ አንድ ውሻ ከጥሙ ብዛት እርጥብ አፈር ሲልስ አየ። ተመልሶ ወረደ፤ ጫማውን ውኃ ሞላ፤ በአፉ ነክሶ ወጣና አጠጣው። አላህም ምሕረት አደረገለት። “እናንተ ድንጋይ ትወረውራላችሁ?” አሏቸው። ከልጆቹ አንዱ ሮጦ ሃይላንድ ውኃ ይዞ መጣ።

ሃይላንዱ ለመጠጥ ነው እንጂ ለማቀዝቀዝ አይበቃም። ከማደያው አጠገብ ላቫጆ ነበር። ውሻውን ጥላ ሥር አድርገን በጎማው ውኃ ሆዱን፣ ብብቱን፣ አንገቱን አራስነው። ፊቱ ላይ አላፈሰስንም፤ ውኃ ወደ ሳንባው እንዳይገባ። አንዱ ልጅ በካርቶን አራገበለት። እርጥብ ፎጣ ላልብሰው ያለ ሰው ነበር፤ ከለከልኩት። ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። የሚጠጣውንም በግድ አፉ ውስጥ አላንቆረቆርንም። ትንፋሹ ረገብ ሲል ነው ባለቤቱ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ወደ እንስሳት ሐኪም የወሰደው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መጓዝ። የዳነ ቢመስልም ሐኪም ይየው፤ የኩላሊት ጉዳት ውሎ አድሮ ነው የሚታየው።

ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አውሮራ ላይ ሕጉ አለ፣ የሱፐርማርኬቱ ድምፅ ማጉያ አለ፣ የሚጠራው ፖሊስ አለ። ባለቤቱን ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ማንም ማንንም አያውቅም። ኮምቦልቻ ላይ መስታወት መስበር አላስፈለገም። የፓርኪንግ ልጆች አሉ፣ ሊስትሮ አለ፣ ቡና የምታፈላ አለች፤ የማን መኪና የት እንደቆመ ያውቃሉ። የጎደለው መረጃው ብቻ ነው። የፓርኪንግ ልጆች የሚያለከልክ ውሻ ሲያዩ ባለቤቱን ቢጠሩ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የከተማው የእንስሳት ሐኪሞች ለእነዚህ ልጆች ምልክቶቹን ቢያሳዩዋቸው እንዴት ደስ ባለኝ! የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ውሻ ላላችሁ ደግሞ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባቲና ከሚሴ የምትወርዱ ከሆነ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ውሻውን ቤት ተዉት። የግድ ከሆነ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት ድረሱ። ስትወርዱ አብሮ ይውረድ። ጥላ ሥር አቆምኩ ብላችሁ አትመኑ፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላውም ይዞራል። ፊታቸው ጨፍለቅ ያሉ የፈረንጅ ውሾች፣ እነ ፑግና ቡልዶግ፣ ትንፋሻቸው ጠባብ ስለሆነ ከሌላው ቀድመው ይወድቃሉ። ያረጀና የወፈረ ውሻም እንዲሁ። ፒክአፕ ላይ የምትጭኑም የጋለው ብረት መዳፉን እንደሚጠብሰው አስቡ።

በእነዚህ ዓመታት አረፋ ግንቦት ላይ እየዋለ ነው። ከባቲ ገበያ የተገዛ በግ በቪትዝ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተዘግቶበት ሐረጎን ሲወጣ አይቻለሁ። የኮሎራዶ ሕግ በግን አይጠቅስም፤ ሙቀቱ ግን በጉንም ያገኘዋል። ከቻላችሁ በማለዳ ጫኑት፣ የኋላውን ወንበር አጥፋችሁ አየር አስገቡለት፣ መንገድ ላይ ለምሳ ስትወርዱም አውርዱትና ውኃ አጠጡት።