ውዳሴ ፐርሰንት

አጎቴ ሲደውልልኝ ስለ ጤናዬ አይጠይቀኝም። ስለ ልጆቹም፣ ስለ ኑሮ ውድነቱም አያነሳም። "ሃሎ" ካልኩ በኋላ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ነው።

"የት ደረሰ?"

የት ደረሰ የሚባለው መንገዱ ነው። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ወረዳ ከተማችን የሚገባው መንገድ። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር ከመንግሥት ጋር አንድ ግቢ የምውል ይመስለዋል። መንገዱ የሚሠራው ግን በእሱ ደጃፍ ነው። ግሬደሩ የሚያልፈው በአጥሩ ሥር፣ አቧራው የሚያርፈው በጣሪያው ላይ፣ ሲኖትራኩ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው እሱን። ሆኖም የት እንደደረሰ ለማወቅ በሩን ከፍቶ ከማየት እኔ ጋ መደወል ይቀለዋል። ልክ ነው። በሩን ቢከፍት የሚያየው መንገዱን ነው። እሱ የሚፈልገው ፐርሰንቱን።

ዛሬ እንደ አጎቴ ያለውን ሰው ላመሰግን ነው የተነሳሁት። የመንገድ ፕሮጀክት ተከታታዩን። ብዙ ነን እኮ! የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሳያይ ሃያ ዓመት የደገፈ የአርሰናል ደጋፊ እንኳን በትዕግሥት እኛን አይደርስብንም። እሱ ቢያንስ በየሳምንቱ ጨዋታ ያያል።

በመጀመሪያ ፐርሰንትን ራሱን እናክብረው። ኪሎ ሜትር ባለጌ ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር አስፋልት ነጠፈ ካሉህ ሰባተኛው ላይ ጭንቅላትህ ከመኪናው ጣሪያ ጋር ሲጋጭ ትቆጥረዋለህ። ፐርሰንት ግን ጨዋ ነው። ማንም በእግሩ ሄዶ አይረግጠውም። በተለይ ነጥብ ያለው። ሰባ በመቶ ቢሉህ "በግምት ነው" ትላለህ። ሰባ ምናምን ነጥብ አራት ሲሉህ ግን የሆነ ሰው በባትሪ ጠጠር ሲቆጥር ያደረ ይመስልሃል። አጎቴ ሁሌ ዋናውን ቁጥር ይረሳና ነጥቧን ይይዛታል። "ባለፈው ምናምን ነጥብ አራት ብለኸኝ ነበር፣ አራቷ ምን ሆነች?" ይለኛል፣ እኔ የሰረቅኳት ይመስል።

ደግሞ ፐርሰንቱ ውሸት አይደለም። ይሄን ያዙልኝ። የመንገድ ሥራ ሲለካ እያንዳንዱ ሥራ በዋጋው ይመዘናል። የአፈር ቆረጣው፣ ሙሌቱ፣ ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ካልቨርቱ፣ ድልድዩ፣ ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፉት ሰብ ቤዙና ቤዝ ኮርሱ፣ አስፋልቱ፣ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። እንደኛ ባለ ተራራ በተራራ በሆነ አገር ላይ ቆረጣና ሙሌቱ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ተራራው ተንዶ፣ ገደሉ ተሞልቶ፣ ካልቨርቱ ተቀብሮ፣ ፐርሰንቱ ግማሹን አልፎ፣ አንዲት ክንድ አስፋልት ላትኖር ትችላለች። ቁጥሩም እውነት፣ ኮረኮንቹም እውነት። ይሄን ለአጎቴ ሳስረዳው ትንሽ አሰበና "እንግዲያው እኛ የምንሄደው ባልተሠራው ፐርሰንት ላይ ነው በለኛ" አለኝ። እንዲህ አሳጥሮ የሚያስረዳ መሐንዲስ አላጋጠመኝም።

የበሰለው ተከታታይ ደግሞ ፐርሰንት ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃል፣ ፊዚካልና ፋይናንሻል። አንዱ የተሠራው፣ ሌላው የተከፈለው። ፋይናንሻሉ ከፊዚካሉ ሲቀድም ጀማሪ ይበሳጫል፣ የበሰለው ግን "የዋጋ ማስተካከያ ነው" ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ፐርሰንቱ ወደ ኋላ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ዲዛይን ሲሻሻል፣ ያልነበረ ድልድይ ሲጨመር፣ ማካፈያው ያድግና ትናንት የተሠራው ያው መንገድ በአንድ ሌሊት አንሶ ያድራል። አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ማለት ነው። ያኔም ተከታታዩ አይደነግጥም። በግ ወደ ኋላ የሚለው ሊወጋ ነው ይልሃል።

ወደ መሠረት ድንጋዩ ልሂድ። የእኛ መንገድ ሁለት አለው። የመጀመሪያው ሲጣል ልጅ ነበርኩ፣ ከትምህርት ቤት ባንዲራ አስይዘው ፀሐይ ላይ አቆሙን። ሰንጋ ታረደ፣ ፈረሰኛ ወጣ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጽሑፉን አሁን ዝናብ በልቶታል፣ ፍየሎች ግን አልረሱትም፣ ጎናቸውን ይታከኩበታል። ሁለተኛው ከሱ ጥቂት ሜትር እልፍ ብሎ ተጣለ። የዚያን ቀን እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ዘገዩ። ምን ነካቸው ሲባል መንገዱ መጥፎ ሆኖ ነው ተባለ። ሕዝቡም ይቅርታውን ተቀብሎ አጨበጨበ። አንድም ሰው አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም፣ ከድንኳኑ ጀርባ ጥብሱ እየሸተተኝ ነበር።

ከዚያ ጉብኝት ይመጣል። ቢጫ ሄልሜት፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ፣ አቧራ ያልነካው ጫማ። መሐል ላይ የቆመው ሰው በጣቱ ወደ ሩቅ ያሳያል፣ ሌሎቹ ጣቱን ተከትለው ያያሉ። ከፎቶው ውጪ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ተራራ ሊሆን ይችላል፣ ምሳ ሊሆን ይችላል። ሳይጠቆምበት ያለቀ መንገድ ግን እስካሁን አላየሁም። እኛም ፎቶውን እንቀባበለዋለን። "ልማቱ እየተፋጠነ ነው" እንላለን። የተፋጠነው ጣት ነው፣ ቢሆንም ፍጥነት ፍጥነት ነው።

የሰበብ እውቀታችንን ሳላደንቅ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ዳዊት የሚደግም ሰው እንኳ እንዲህ ቃል በቃል አይዘልቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ወሰን ማስከበር ነው፣ መንገዱ የሚያርፍበትን መሬት ከባለቤቱ ማስለቀቅ። ታኅሣሥ ላይ ሲሚንቶ ይጠፋል። የካቲት ላይ ነዳጅ። መጋቢት ላይ የውጭ ምንዛሪ፣ ሬንጁም መለዋወጫውም ከውጭ ነዋ የሚመጣው። ግንቦት ላይ ሁሉም ነገር ይሟላል፣ ማሽኑ ይጠገናል፣ ኦፕሬተሩ ይቀጠራል፣ ከዚያ ሰኔ ይገባል። ክረምት በየዓመቱ በዚያው ወር እየመጣ በየዓመቱ ያልጠበቅነው እንግዳ የሚሆንብን፣ በዓለም ላይ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ወሰን ማስከበር ካልኩ አይቀር፣ አጎቴን ላጋልጠው። ቀያሾቹ ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ በጓሮው በኩል ተክለው ሄዱ። በሳምንቱ ጓሮው ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ሆነ። ከካስማው ወዲህም፣ ከካስማው ወዲያም። ጎረቤቱ ደግሞ ከብት የሌለው ሰው ነው፣ ግን በረት ሠራ። ሌላው የቡና ችግኝ ተከለ፣ ቡና በማይበቅልበት ደጋ። ከዚያ የካሳው ግምት አልስማማ አለ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ያንን ኮሚቴ የሚያጣራ ኮሚቴም ተቋቋመ፣ ማሽኖቹ ቆሙ። ማሽኖቹ በቆሙ በሦስተኛው ቀን አጎቴ ደወለልኝ። "ሥራው ለምን ቆመ? እስቲ አጣራልኝ" አለ። በጣም ተናዶ ነበር።

ቡና ላይ ስንሰበሰብ ሁሌ አንድ ሰው አይጠፋም፣ "ጣሊያን እኮ በአምስት ዓመት..." ብሎ የሚጀምር። ጣርማ በርን ይጠራል፣ ዋሻውን ይጠራል። ድንጋዩን የሚፈልጠው ማን እንደነበር፣ ከጀርባው ጠመንጃ ይዞ ማን እንደቆመ ግን አይጠራም። ይሄ ሰውዬ የፐርሰንት ተከታታይ ስላልሆነ በዚህ ጽሑፍ አይመሰገንም።

መቼም ይሄን ሁሉ ስል አገሩ መንገድ አልሠራም ማለቴ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በመላ አገሪቱ የነበረው መንገድ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የወረዳና የቀበሌው ሁሉ ተደምሮ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ለክፍያ ተሰልፎ ሽር አለ። መንገድ ያልቃል ማለት ነው። ችግሩ ያለቀ መንገድ ለተከታታይ ምንም አይሆነውም። ይሄዱበታል እንጂ አይከታተሉትም።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ የባሕር ዳሩን አዲስ የዓባይ ድልድይ ከመሠረቱ ጀምሮ ሲከታተል የኖረ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር፣ በእንቅልፉ ብትጠይቀው ይነግርሃል። ገመዶቹ ሲወጠሩ በየቀኑ ፎቶ ይልክልን ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፈውን አሮጌውን ድልድይ እያዘነለት "ትንሽ ቻል፣ ትንሽ ቻል" ይለው ነበር። ግንቦት 2016 ላይ ተመረቀ። ጓደኛዬ ሐዘን እንደገባበት ሰው ዝም አለ። ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳም። በኋላ ስንገናኝ ክስት ብሎ አየሁትና ሞጆ ሐዋሳን እንዲከታተል መከርኩት።

የተከታታይ ገነት እሱ ነውና። ሞጆ ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከካይሮ ኬፕታውን የሚዘልቀው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። ለአራት ተከፍሏል፤ ሞጆ መቂ፣ መቂ ባቱ፣ ባቱ አርሲ ነገሌ፣ አርሲ ነገሌ ሐዋሳ። አበዳሪውም ለአራት የተከፈለ ነበር፤ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ኮሪያ፣ የዓለም ባንክ፣ የቻይናው ኤግዚም ባንክ። አራት ቁራጭ፣ አራት አበዳሪ፣ አራት ፐርሰንት! ፊዚካልና ፋይናንሻል ሲባል ስምንት። አንዱ ሲቆም አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ሲያሳዝንህ አንዱ ያጽናናሃል። እዚያ መንገድ ላይ ተከታታይ ሥራ ፈት ሆኖ አያውቅም። ጓደኛዬ አሁን ወፍሯል።

አንድ ጊዜ ግን ተሳሳትኩ። በዓል ነው፣ ቤተሰብ ተሰብስቧል፣ ስለ መንገዳችን ጨዋታው ደርቷል። አንዱ አማካሪው ተቀየረ ይላል፣ ሌላው ገረጋንቲ የሚወጣበት ቦታ ተገኘ ይላል፣ የአክስቴ ልጅ ከላይ የተነሳ ቪዲዮ እያሳየ ነው። እኔ መሐል ላይ ገባሁና "ለመሆኑ ውሉ ላይ የሚያልቀው መቼ ነበር?" አልኩ።

ጸጥ አለ። በማዕድ ላይ ነውር የተናገርኩ ይመስል አክስቴ አቀርቅራ እንጀራ ትቆርሳለች። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "አንተ ልጅ፣ ዋናው ነገር እየሄደ መሆኑ ነው" አለ። የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተ። የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። መቼ መድረስ እንደነበረበት የሚያውቅ አልነበረም፣ ለማወቅም የቸኮለ አልነበረም። ጊዜ ማራዘሚያው እንደ ልደት ሲከበር ኖሮ የመጀመሪያውን ቀን የያዘ ሰው ጠፍቷል።

ባለፈው ሐምሌ ለተዝካር ወደ አገር ቤት ወረድኩ። ከዋናው አስፋልት ስንገነጠል ረዳቱ "እንግዲህ ያዝ ያዝ አድርጉ" አለ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል። መንገዱ እየተሠራ ስለሆነ በመንገዱ መሄድ አይቻልም፣ ቀስት ያለበት ታፔላ ወደ ተለዋጭ መንገድ መራን። ተለዋጭ መንገድ ማለት የአንድ ሰው የጤፍ ማሳ ነው። ቅጥቅጡ ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደ ዳክዬ ሄደ፣ ከዚያ አቃሰተና ተቀመጠ።

ሬዲዮው ግን አልቆመም ነበር። ዜና ላይ የዞናችን የመንገድ ሥራ ስሙ ተጠራ። ሹፌሩ ድምፁን ጨመረ። ሁላችንም ጸጥ ብለን አዳመጥን። ፐርሰንቱ ከባለፈው በሁለት ነጥብ ምናምን ጨምሯል ተባለ። ከኋላ ወንበር ያሉ አንዲት እናት "ተመስገን" አሉ። አንድ ወጣት ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ወንድ የሆነ ውረድ!" ብሎ ጮኸ።

ወረድን። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩ፣ ገባሁ። ጭቃው ይስባል። አንድ እግሬን ሳወጣ ሌላው ይሰምጣል። አሥራ አምስት ወንዶች "ሆ!" እያልን ስንገፋ ጎማው የቀረውን ማሳ ሸሚዛችን ላይ ይረጨዋል። ከዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። በጭቃ እጄ አነሳሁት።

"ሃሎ፣ ጋሼ"

"የት ደረሰ?"

ወደ ታች አየሁ።

"ጉልበቴ ላይ" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ወረቀት ሲፈልግ፣ እስክሪብቶ ሲሞክር ይሰማኛል።

"እሺ" አለ፣ "በፐርሰንት ስንት ይሆናል?"