ፎርኢች በፎርኢች ላይ፣ ማሻአላህ!

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን አንድ ወዳጄ የጻፈውን ኮድ አሳየኝ። ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ነው። ስድስት ፎርኢች፣ ማለትም ዝርዝርን አንድ በአንድ የሚዞር ትእዛዝ (ሉፕ)፣ አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ኮዱ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ መሃል ሲደርስ ቅንፉን እየዘጋ ይመለሳል፤ ጦሳን በጎኑ ያጋደሙት ነው የሚመስለው። ማሻአላህ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ይህን ልማድ ከልቤ ነው የማደንቀው። ዳታው ዞን ውስጥ ወረዳ፣ ወረዳ ውስጥ ቀበሌ፣ ቀበሌ ውስጥ አባወራ እያለ ይወርዳል፤ የኛም ልጅ በየደረጃው አንድ ፎርኢች ይጨምራል። ነገ ጎጥ ቢመጣስ? ሰባተኛ ይገባል፣ እጅ አለን! ራሱን እየጠራ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ፈንክሽን ይበቃል የሚሉ ሰነፎች አሉ። ስምንት መስመር ነው አሉ። አይ እነሱ! ወሎዬ እንግዳ ሲመጣ በስምንት መስመር አይሸኝም። ፒኤችፒም ራሱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሬይ ዎክ ሪከርሲቭ የሚባል፣ እስከ ታች የሚወርድ ፈንክሽን አዘጋጅቶልናል፤ ሳይነካ ተቀምጧል፣ እንደ ሠርግ ሰሃን።

የቫሪያብሎቹ፣ የዋጋ መያዣዎቹ፣ ስም አወጣጥስ? ቪ፣ ቪ2፣ ቪ3፣ ከዚያ ቪ3 ኒው። ልጆች ቢሆኑ እናታቸው አንዱን ስትጠራ ሁሉም አቤት ይሉ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ያቺን አምፐርሳንድ፣ የ& ምልክቷን ነው። ሉፕ ውስጥ ዋጋውን ለመቀየር ከቫሪያብሉ ፊት ይለጥፏታል። ሉፑ ሲያልቅ ቫሪያብሉ የመጨረሻውን ሰው እጅ እንደያዘ ይቀራል። አንሴት ብሎ ማስለቀቅ ይቻላል፣ ማኑዋሉም ይመክራል፤ ማኑዋል ደግሞ ማን ያነባል? ወዲያው በዚያው ስም፣ አሁን ያለ ምልክቷ፣ ሁለተኛ ሉፕ ይጀመራል፤ በየዙሩ የሚመጣው ሰው በመጨረሻው ሰው ቦታ ላይ እየተጻፈ ይሄድና መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ የለም፣ ከሱ በፊት የነበረው ግን ሁለቴ አለ። የማዳበሪያ ዝርዝር ይሁን እንበል። ሽማግሌው ከተሁለደሬ ድረስ አህያ ነድተው መጥተው "ስምዎ የለም እኮ፣ አባባ" ይባላሉ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ ድርብ ድርሻውን ተሸክሞ ዱዓ እያደረገ ይመለሳል። በአንዲት ምልክት እንዲህ ያለ ሲሳይ! እንደዚህ አይነት ልግስና የትም አላየሁም።

በሰው ብቻ እንዳልቀልድ፣ እኔም ከዚሁ ሐድራ ነኝ። አንዴ አምስት ፎርኢች ደርድሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት የአባወራ ዝርዝር አወጣሁ። ዳታው ለካ ስድስት ደረጃ ነበረው። ፒኤችፒ አሬይን፣ ማለትም ሙሉ ዝርዝርን፣ እንደ ጽሑፍ አትም ሲሉት "አሬይ" ብሎ ቁጭ ነው፤ ማስጠንቀቂያውንም ገጹን ያቆሽሻል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ።

"ወንድሜ፣ ይህ አሬይ የሚባለው ሰውዬ በሁሉም ቀበሌ መሬት ይዟል። የማን ልጅ ነው?"

ላብ አጠመቀኝ። "ሲስተም ነው" አልኩ።

"እሺ፣ የአባቱስ ስም?"