ራም ይጨምሩ፣ ጋሼ!

ለዘመናችን ፕሮግራመሮች ሽልማት ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ደንበኛው አስቦት የማያውቀውን ወጪ በፈገግታ የሚያሳስበው ሌላ ማን አለ?

ይሄውላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጋሼ እህል ይነግዳሉ። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። ስንት ኩንታል ማኛ ገባ፣ ስንት ሰርገኛ ወጣ፣ ማን በዱቤ ወሰደ፣ በቃ። የኛ ጀግና ግን ትንሽ ነገር አይሠራም። መጀመሪያ ክሮሚየምን ያስገባል። አዎ፣ አንድ ሙሉ ብራውዘር። ከጎኑ የጃቫስክሪፕት ኮድ የሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስን ያስቀምጣል። ከዚያ በላዩ ላይ የጋሼን ሦስት ሠንጠረዥ ይለጥፍበታል። ኤሌክትሮን ይሉታል። አንድ ጣሳ ጠላ ለጠየቀ እንግዳ ጋኑን ከነጠማቂዋ ቤቱ ድረስ መላክ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መስተንግዶ የት ይገኛል?

ባዶው ፕሮግራም፣ ገና አንድ ኩንታል ሳይመዘገብበት፣ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ክብደት ያለው ሥራ ብሎ ዝም ነው። ደግሞ እያንዳንዱ የኤሌክትሮን ፕሮግራም የየራሱን ክሮሚየም ይዞ ነው የሚመጣው፣ መጋራት ብሎ ነገር የለም። ጋሼ የእህሉን ፕሮግራም ከፍተው፣ ልጃቸው ለትምህርቱ በዚያው በኤሌክትሮን የተሠራውን የኮድ መጻፊያ፣ ቪኤስ ኮድን፣ ከፍቶ ትቶት፣ ክሮም ራሱም ከበስተኋላ ካለ፣ ሦስት ብራውዘር አንድ ላፕቶፕ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ላፕቶፑን ደግሞ እዩት። 4 ጊጋ ራም፣ የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማህደር መሆኑ ነው። ማጠፊያው ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ይገለብጣል። ያኔ ዲስኩ ቅርጭጭ ማለት ይጀምራል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስክሪኑ መሃል ላይ አንዲት ቀለበት ትዞራለች። ገበሬው ጭነቱን አራግፎ፣ ጆንያው ሚዛን ላይ ወጥቶ ወርዶ፣ ብሩ ተቆጥሮ አልቆ ቀለበቷ አሁንም ትዞራለች። እውነት ለመናገር ቆንጆ ቀለበት ነች። ተለፍቶባታል።

ጋሼ ስልክ ይደውላሉ። መልሱ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

«ራም ይጨምሩ፣ ጋሼ!»

ቢቻል ላፕቶፑንም ይቀይሩ። በሳምንቱ ደግሞ ፕሮግራሙ አዲስ ስሪት ሊያወርድ ይነሳና፣ የጋሼን የኢንተርኔት ፓኬጅ ሙልጭ አድርጎ በልቶ፣ የቁልፎቹን ጠርዝ ክብ አድርጎ ይመለሳል። ጨለማ ሞድም አለው። ቀን መቁጠሪያው ግን ጳጉሜ የለውም።

«ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ኋላ ቀር አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ዊንዶውስ ላይም፣ ሊኑክስ ላይም፣ ማክ ላይም ይሠራል። ቡሬ ላይ ጤፉን በማክ የሚሸጥ ነጋዴ ብቅ ባለ ቀን እኛ ዝግጁ ነን።

አሁን ደግሞ ያልታደለውን ልጅ ላሳያችሁ። እዚያው ማርቆስ አለ፣ ዕድሜው የገፋ ላፕቶፕ ይዞ። ላዛረስ የሚባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ጭኖ በድሮው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፓስካል ይጽፋል። በፓስካል! ፎርም ይከፍታል፣ ቁልፍ ጎትቶ ያስቀምጣል፣ ኤፍ 9ን ይጫናል፣ ፕሮግራሙ ይነሳል። የሚወጣው ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ በፍላሽ ይዞት ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። መረጃውን ኤስኪውላይት በሚባል ትንሽ ዳታቤዝ አንዲት ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። መብራት ድንገት ቢሄድ ያለቀው ምዝገባ አለ፣ ያላለቀው ደግሞ ፋይሉ ሲከፈት ተሰርዞ ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ ወዲያው ይከፈታል፣ ነጋዴውና ገበሬው «እንደምን ዋልክ» ተባብለው እንኳ ሳይጨርሱ። ታዲያ ሰው መቼ ይጨዋወት?

የዚህ ልጅ ችግር ምን መሰላችሁ? የሚጽፍበት ማሽንና ደንበኛው የሚሠራበት ማሽን አንድ ዓይነት ናቸው። ፕሮግራሙ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚያመው እሱን ራሱን ነው። ሲያመው ጊዜ ያስተካክለዋል። የኛ ጀግና ግን 32 ጊጋ ራም ላይ ተቀምጦ «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» ይላል፣ አልዋሸም፣ እሱ ጋ ይሠራል። በጋሼ ላፕቶፕ አንድ ቀን ሞክሮት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ በራስ መተማመን ከየት ይመጣ ነበር?

ፓስካልን የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት በ1995፣ በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ ሶፍትዌሩ የሚዘግመው ሃርድዌሩ ከሚፈጥነው በላይ ነው ብሎ አማርሮ ነበር። ሽማግሌ ምን ያውቃል። በ1980ዎቹ የነበረው ተርቦ ፓስካል 3 እኮ መጻፊያውም፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩም በአንድ ፋይል ሆኖ 40 ኪሎባይት አይሞላም ነበር። ዛሬ በዚያ መጠን የፕሮግራሙን ሎጎ እንኳ አናስቀምጥም። ዕድገት ይሏል ይሄ ነው።

እስከዚያው የጋሼ ሒሳብ ጥቁሩ መዝገብ ላይ በእስኪርቢቶ እየተጻፈ ነው። የኛ ጀግና «ሕዝባችን ቴክኖሎጂ አይቀበልም» ሲል አዝኖ ተናግሯል። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠም፣ የሚቀጥለው ስሪት ኤአይ ይኖረዋል፣ ራሙም ቢያንስ 16 ጊጋ ይሁንልኝ ብሏል። ጋሼ ነገሩን ጥሞና ሰጥተው ሰሙት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዱቤ ይሰበስባል?»