4 ማርክ ከየት ይምጣ?

ማለፊያው 50 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ውጤት 46። ባለ ወረቀቱ ደግሞ ልጆቹን አስተኝቶ የሚያጠና፣ ከሥራ በቀጥታ ወደ ክፍል የሚመጣ፣ ሁሉም የሚወደው ጎልማሳ ነው። የማብራሪያ መልሶቹን እጅን ዘርግቶ ላረመ መምህር 4 ማርክ አይጠፋም። እኔ ግን መጨመር የለበትም እላለሁ።

መጀመሪያ የጎደለው ማርክ የት እንደሄደ ይታይ። የሳታቸውን ጥያቄዎች ጭራሽ ያላወቃቸው፣ እያወቀ የተሳሳተባቸውና ሰዓት አልቆበት ባዶ የተዋቸው ብሎ መለየት ይቻላል። የፊተኞቹ ገጾች በትክክል ተሠርተው የኋለኞቹ ባዶ ከሆኑ፣ ችግሩ የንባብ ፍጥነት ወይም ዓይን ሊሆን ይችላል፤ ከ40 ዓመት ወዲያ ደቃቅ ጽሑፍ በቅርብ ማንበብ ይከብዳል። እንዲህ ያለው ሰው ጎላ ባለ ፊደልና በበቂ ሰዓት፣ በሌላ ፈተና እንደገና ይለካ።

ስህተቱ መሠረቱ ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ነርስነት የሚማር ሰው እንውሰድ። ትእዛዙ 75 ሚሊግራም ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ በየ1 ሚሊሊትሩ 50 ሚሊግራም አለ። መልሱ 1.5 ሚሊሊትር ነው። ማካፈሉን የገለበጠ ተማሪ 0.67 ያገኛል፤ በሽተኛው ከታዘዘለት ግማሹን እንኳ አይወስድም ማለት ነው። የተማሪው ደግነት ይህን መድኃኒት አይሞላውም።

መውደዳችን ደግሞ ሳናውቀው እርማታችን ውስጥ ይገባል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው ብልህነት፣ ቁመናና ጠባይ የሰጡት ነጥብ ከሚገባው በላይ ተመሳስሎ አግኝቶታል፤ ስለ ሰውየው ያላቸው ጠቅላላ ስሜት ሁሉንም ነጥብ ጎትቶታል። ስለዚህ ስም ተሸፍኖ ይታረም፤ የሁሉም ተማሪ 1ኛ ጥያቄ ካለቀ በኋላ ወደ 2ኛው ይታለፍ። ከማለፊያው በ2 ማርክ ዝቅ ያሉትን ሌላ መምህር ድጋሚ ይያቸው ከተባለ፣ ደንቡ ከፈተናው በፊት ይጻፍ፤ ከኋላ ተቀምጦ 48 ያገኘውን ዝምተኛም ይጨምር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የነጥብ ድልድሉ ነው። ለክፍል መገኘት 10፣ ለቡድን ሥራ 20 ከተያዘ፣ የማይቀርና ጓደኞቹ የሚወዱት ሰው 28 ይዞ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ለብቻው ከሚሠራው 70 ውስጥ 22 ካገኘ አለፈ፤ ይህም አንድ ሦስተኛ አይሞላም። መውጫው ቀላል ነው፤ ከጠቅላላው 50 በተጨማሪ ከግል ሥራው ብቻ ቢያንስ ግማሹን ማምጣት ግዴታ ይሁን። ይህንንም ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ይወቀው።

ርኅራኄው ቀደም ብሎ፣ ገና በ3ኛው ሳምንት መታየት ነበረበት። በየሳምንቱ 5 ጥያቄ ያላት አጭር ፈተና ብትኖር ማን እንደተቸገረ ያኔውኑ ይታወቃል። በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ግን የሚቀረው በግልጽ መንገር ነው። ውጤቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከስልክ መልእክት አያንብበው። ወረቀቱን ይዞ ለብቻ ማነጋገር፣ «አላለፉም» የሚለውንም ሳያንዛዙ መናገር ይሻላል፤ ምስጋናና ማባበል ከቀደመ ሰውየው ያለፈ መስሎት ይቆያል። ከዚያም የሳታቸው ርእሶች፣ በየሳምንቱ የሚሠራው መልመጃና የድጋሚ ፈተናው ቀን በጽሑፍ እጁ ይግቡ።