ዶክተሩ ከአቋማቸው ፍንክች አይሉም

ሌላው ሰው ጥናት አይቶ ሐሳቡን ይቀይራል። ሐሳቡ እንዳይቀየር ብሎ ጥናት የሚሠራ ሰው ሲገኝ ግን ተነስቶ ማጨብጨብ ነው።

የዛሬው ምስጋናዬ ዕድሜ ልካቸውን አሜሪካ ውስጥ ለ«ትምህርት ቤት ምርጫ» ሲሟገቱ ለኖሩ የፖሊሲ ተመራማሪ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አንድ ሰው አይደሉምና። ዋሽንግተን ውስጥ የጥናት ተቋም በሞላበት ሰፈር ድንጋይ ብትወረውሩ አንዳቸውን ሳይመታ አይወድቅም። በደፈናው ዶክተሩ እንበላቸው።

ነገሩ የተጀመረው በደህና ሐሳብ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን በፈረንጆቹ 1955 እንዲህ ሲሉ ተከራከሩ፦ መንግሥት ለትምህርት ይክፈል፣ ትምህርት ቤቱን ግን የግድ እሱ ማስተዳደር የለበትም። ገንዘቡ በቫውቸር፣ ማለትም ለትምህርት ክፍያ ብቻ በሚውል የመንግሥት ኩፖን፣ ለወላጅ ይሰጥ፣ ወላጅ ይምረጥ፣ ትምህርት ቤቶችም ለተማሪ ሲሉ ይወዳደሩ። ድሃ ስለሆነና ቤቱ እዚያ ሰፈር ስለሆነ ብቻ ልጁን ደካማ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ይህን ሰምቶ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ዶክተሩም በወጣትነታቸው ሰምተው ወደዱት። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው።

በ1990 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ቫውቸር ተጀመረ። 7 የግል ትምህርት ቤቶች፣ ከ350 ያነሱ ተማሪዎች፣ ሁሉም ከድሃ ቤተሰብ። ቀጥሎ ምሁራኑ መጡ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጆን ዊቲ መረጃውን አይተው «ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም» አሉ። እነ ጄይ ግሪንና ፖል ፒተርሰን ያንኑ መረጃ ይዘው «ቆይተው የተማሩት በሒሳብም በንባብም ተሻሽለዋል» አሉ። ሴሲሊያ ራውዝ ደግሞ «በሒሳብ አዎ፣ በንባብ የለም» አሉ። አንድ ከተማ፣ አንድ መረጃ፣ ሦስት መልስ! እኔና እናንተ ብንሆን ግራ ይገባን ነበር። ዶክተሩ ግን ቅር ሳይላቸው ደስ ያላቸውን መልስ አነሱ። የምርጫ ተሟጋች መምረጥ ካልቻለ ማን ሊችል ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ኮንግረስ ራሱ ገንዘብ የመደበለት ቫውቸር በ2004 ሥራ ጀመረ። በ2010 የወጣው የመንግሥት ግምገማ በፈተና ውጤት ላይ አሳማኝ ለውጥ አላገኘም። ነገር ግን ወላጆች እንደተናገሩት ቫውቸር ከተሰጣቸው ልጆች 82 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 70 በመቶው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አልቀልድበትም። የሚያስቀኝ የዶክተሩ ፍጥነት ነው። «ፈተና ምን ያደርጋል? ዋናው መመረቅ ነው» አሉ በማግስቱ። እስከ ትናንት ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በፈተና ውጤት ሲገርፉ የነበሩት እሳቸው አልነበሩም እንዴ? ነበሩ። ጅራፉን ግን አስቀምጠውታል።

ቫውቸሩ ሉዊዚያና ግዛት ሲደርስ ነገሩ ጠጠረ። የቫውቸር ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ዕጣ የወጣላቸው በሒሳብ ቁልቁል ወረዱ። ትንሽ ዝቅ ማለት እንዳይመስላችሁ፣ መውደቅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንቅልፍ ያጣ ነበር። ዶክተሩ ተኝተው አደሩና ጠዋት መልሱን ይዘው ተነሱ፦ ጥፋቱ የመንግሥት ቁጥጥር ነው፣ ጎበዞቹ ትምህርት ቤቶች ወረቀቱን ሸሽተው ሳይገቡ ቀሩ። ሊሆን ይችላል። ብቻ ቫውቸር ሲሳካ ቫውቸሩ ይመሰገናል፣ ሳይሳካ ቁጥጥሩ ይከሰሳል።

እሺ፣ ቁጥጥሩ ሲላላስ? አሪዞና ግዛት በ2022 የዚህን ገንዘብ በር ለሀብታምም ለድሃም ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ለአንድ ልጅ በዓመት ወደ 7,000 ዶላር። መጀመሪያ ከተሰለፉት አብዛኞቹ ቀድሞም የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ነበሩ። ከኪሳቸው ሲከፍሉት የኖሩትን ካዝናው ተረከበላቸው። ጋዜጠኞች ገንዘቡ የዋለበትን ደረሰኝ ሲያገላብጡ የበረዶ ሸርተቴ ትኬትና የሌጎ መጫወቻ አገኙ። ድሮ የድሃ ልጅ በተነሳ ቁጥር ድምፃቸው ይሰበር የነበረው ዶክተር ምን አሉ? «ለልጁ የሚበጀውን ወላጁ ያውቃል።» አለቀ። ልብ በሉ፣ አሁን ፈተናም ምረቃም አያስፈልግም። መምረጡ ራሱ ውጤት ሆኗል።

ታሪክ ሲያስተምሩም እንዲሁ ናቸው፤ ከ1955 ተነስተው ባንድ ዝላይ 1990 ላይ ያርፋሉ። በመሃሉ ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ የምትባል ካውንቲ አለች። ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብላ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿን ጠቅላላ ዘጋች፣ ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ድጎማ ተፈቀደ፣ ጥቁሮቹ 5 ዓመት ደጅ ቀሩ። ከዶክተሩ ቢሮ በመኪና ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ምን ያድርጉ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል።

በተለይ በፈረንጆቹ ጥር መጨረሻ ላይ ይበዛባቸዋል። ያኔ «የትምህርት ቤት ምርጫ ሳምንት» ነው፤ ቢጫ ስካርፍ ጠምጥመው ከመድረክ መድረክ ይዞራሉ። በዚያው ሰሞን ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ የምትኖር አንዲት የኛ ሰው የሦስት ዓመት ልጇን ለዲሲ የትምህርት ቤት ዕጣ፣ ወላጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት መርጦ ልጁ ለሚደለደልበት፣ ታስመዘግባለች እንበል። ማብራሪያው በአማርኛ ሳይቀር አለ። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መደርደር ይቻላል። ከሥራ መልስ ሌሊት ቁጭ ብላ፣ አውቶቡሱን አስልታ፣ ጓደኞቿን ጠይቃ 12ቱንም ሞላች። ጸደይ ላይ መልሱ መጣ፤ በሁሉም ተጠባባቂ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የሰፈሯ ትምህርት ቤትም ቢሆን ልጇን የግድ የሚቀበልላት ነገር የለም።

ለዶክተሩ ይሄ የምሥራች ነው። ረጅም ተጠባባቂ ዝርዝር የፍላጎት ማስረጃ ነዋ! የሚቀጥለው ዓመት ስላይዳቸው ላይ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ይኖራል፣ እሷም ከነልጇ እዚያው መስመር ውስጥ ናት። ከሥሩ በደማቁ «ወላጆች ምርጫ ይፈልጋሉ» ተብሎ ይጻፋል። ልክ ናቸው። ትፈልጋለች።